ኢንስፔክተሩ ለምን ዝም አለ?

ከጣና የሚወጣው ዐባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር ተገናኝቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ከርመኮል በተባለች መንደር አጠገብ ያልፋል። ሱዳናዊው ደራሲ ጠይብ ሳሊህ በ1929 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው በዚህች መንደር ነው። በካርቱምና በለንደን ተምሯል፤ ለአጭር ጊዜ አስተምሯል፤ በቢ.ቢ.ሲ. የዐረብኛ ክፍልም ሠርቷል። አብዛኛውን ዕድሜውን በውጭ አገር ቢያሳልፍም፣ በ2009 ለንደን ላይ ሲያርፍ የተቀበረው ኦምዱርማን ነው።

በ1966 ቤይሩት ላይ የታተመው ልብ ወለዱ በአማርኛ «ወደ ሰሜን የመሰደጃ ወቅት» ሊባል ይችላል። መጽሐፉ በ1990ዎቹ ዓመታት በገዛ አገሩ ታግዶ ነበር። በ2001 ግን በደማስቆ የሚገኘው የዐረብ ሥነ ጽሑፍ አካዳሚ የ20ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የዐረብኛ ልብ ወለድ ብሎ ሰየመው።

ብዙዎቹ ሐያስያን ዐይናቸውን የሚጥሉት ሙስጠፋ ሰዒድ በተባለው ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። ሙስጠፋ ለንደን ገብቶ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይሆናል፤ የቅኝ ገዥዎችን በደልም በሴቶቻቸው ላይ ለመበቀል ይነሣል። ሦስቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አራተኛዋን፣ ሚስቱን፣ በእጁ ይገድላታል። ይህ አነባበብ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። እንግሊዛውያቱ ከምልክትነት አልፈው ሕያው ሰው ሆነው አለመሣላቸውም የድርሰቱ ድክመት ይመስለናል። በእኛ አስተያየት የደራሲው እውነተኛ ድፍረት የሚታየው ለንደን ውስጥ ሳይሆን እዚያው መንደሩ ውስጥ ነው።

ታሪኩን የሚተርክልን ሰው ከእንግሊዝ አገር በሥነ ግጥም ጥናት ዶክትሬት ይዞ የተመለሰ ምሁር ነው። ካርቱም ውስጥ በመጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ኋላም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ኢንስፔክተር ይሆናል። እንግዲህ የሙያ ወንድማችን ነው ማለት ነው። ሙስጠፋ ልጆቹን ለእርሱ ዐደራ ብሎ ከጠፋ በኋላ፣ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ወድ ረይስ የተባለ ሽማግሌ መበለቲቱን ሑስናን ለማግባት ይጠይቃል። ሑስና በግድ ብትዳር ሰውየውንም ራሷንም እንደምትገድል ለኢንስፔክተሩ በግልጽ ትነግረዋለች። እርሱ ግን ይህን ሰምቶ ወደ ካርቱም ይመለሳል። አባቷ አስገድዶ ይድራታል፤ ያለችውም ይፈጸማል። መንደሩ ሁለቱን ቀብሮ ነገሩ ዳግመኛ እንዳይነሣ ያፍነዋል።

በዚያው ልብ ወለድ ውስጥ ካርቱም ላይ የአፍሪካ ሚኒስትሮች ስለ ትምህርት ዘዴ አንድነት ታላቅ ጉባኤ ያካሂዳሉ። ደራሲው ይህን ጉባኤ ከሑስና ታሪክ ጋር በአንድ መጽሐፍ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይመስለንም። አዳራሹ ስለ ትምህርት ይናገራል፤ ከተማሩት አንዱ ግን መናገር በሚገባው ቀን አፉን ዘግቷል።

በመጨረሻው ገጽ ኢንስፔክተሩ ወንዙ መካከል ኃይሉ ሲደክም ድረሱልኝ ብሎ ይጮኻል። መኖርን መምረጡ ነው ተብሎ ይወደሳል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ለሑስና ያልጮኸው ሰው ለራሱ መጮኹን ልብ ልንል ይገባል።

ይህን የምንጽፈው በሱዳናዊ ለመፍረድ አይደለም። ከመካከላችን ልትዳር ነው ተብላ ከክፍሏ የቀረች ተማሪ ያላየ መምህር ስንት ነው? ስሟን ከመዝገቡ ሰርዘን ወደሚቀጥለው ትምህርት አልፈን ይሆናል። ስለዚህ ይህን ልብ ወለድ የሚያስተምር መምህር ስለ ቅኝ አገዛዝ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ሑስና ስትናገር የሰማው የተማረ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ተማሪዎች መልሱን ሲፈልጉ፣ እኛም መምህራኑ አብረን እንመለስ።