አንድ ሳንቲም በወለጋ ገበያ

አንድ ሳንቲም ስትጠፋ ማንም ቀን ቆርጦ አልሸኛትም። ኑሮ ሲወደድ በመጀመሪያ እሷ፣ ተከትለዋት ታላላቆቿ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡና ከደምቢ ዶሎ ገበያ ወጡ። የዛሬ ልጆች አያውቋትምና መልኳ ይነገርላት።

የ1969 ዓ.ም. አንድ ሳንቲም ከአሉሚኒየም የተሠራች፣ መዳፍ ላይ ክብደቷ የማይሰማ ነበረች። በአንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ አለ፤ በሌላው ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። አምስቱ ላይ ወታደር፣ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን ነበሩ። ገበሬው ከሁሉ በታናሿ ላይ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ የወለጋ ገበያ የቆመው በእሱ ነውና።

ከእሷ በፊት የነበረችው የንጉሡ ምስል ያለባት ቀይ ሳንቲም ናት። በንጉሡ ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ፲፱፻፴፮ የሚለው ዓመት ለምን እንደተጻፈ ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ ለብዙ ዓመታት ሲመታ ዓመቱ ስላልተለወጠ ነው። ከተመታባቸው ከተሞች አንዷ ፊላደልፊያ ነበረች። አሜሪካም ለግብይት የሚውለውን የራሷን የመጨረሻ ፔኒ (አንድ ሳንቲም) በኅዳር 2018 ዓ.ም. የመታችው እዚያው ነው። የስሙኒ (የሃያ አምስት ሳንቲም) ጠርዝስ ለምን እንደ አበባ ሆነ? መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ መጠኗም ከብር ከተሠራው ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር ስለሚመሳሰል አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ አሳለፏት፤ እንድትለይ ጠርዟ ተለወጠ።

ከሳንቲም በፊት ወለጋ በአሞሌ ጨው ይገበያይ ነበር፤ የጉድሩው አሰንዳቦ ገበያ ስሙ የገነነው በዚያ ዘመን ነው። አሞሌ ግን ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል። ጥቂት ነገር ይዞ ለወጣ ሰው የሚሆን ዝርዝር ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሳንቲም ያንን ችግር አቃለለች፤ ብር መቶ ቦታ ተከፈለ፣ አንዲት ሎሚም ለብቻዋ ዋጋ አገኘች። የጉሊት እናቶች የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ ሳንቲሙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቆጥረው፣ መልሱን ሳያጎድሉ ይሰጡ ነበር።

ዛሬ መልስ ሲጠፋ ማስቲካ ይሰጣል፣ ወይም «ሌላ ጊዜ» ይባላል። ሳንቲሟ የቀረችው በወረቀትና በስልክ ላይ ነው። የመብራት ሒሳብ አሁንም እስከ ሳንቲም ይጻፋል፤ በቴሌብር ሲከፈልም እስከ ሳንቲሟ ይቆረጣል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዛ ጉሊት የተቀመጠችው ሴት ግን ያ ሒሳብ አይደርሳትም።