ከካራቱ ጎን ያለው ስም

«ጋሼ፣ ሌዘር በደቂቃ የሚጨርሰውን ማህተም ለምን በመዶሻ ይደክሙበታል?» አለኝ፣ ቨርጂኒያ፣ ሴቨን ኮርነርስ እኔ ዘንድ የወርቅ ሥራ ሊለምድ የመጣው ልጅ።

ሌዘርን አልጠላም። ውስጡ ክፍት የሆነ የጆሮ ጌጥ መዶሻ ካረፈበት ይጨፈለቃል፤ እዚያስ ሌዘር ይግባ። የእኔ ሙግት ስለ ቦታው ነው። አብዛኛው አንጥረኛ የካራቱን ቁጥር የሚመታው ከፈርጡ ትይዩ፣ ከቀለበቱ ሥር መሃል ላይ ነው። ቀለበት ሲሰፋና ሲጠብ መጋዝ የሚገባውም እዚያው! ባለቀለበቷ ትወልዳለች፣ ጣቷ ይወፍራል፤ ቁጥሩ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ከብየዳው የተረፈውን ሞረድ ይበላዋል። እኔ የጣት ጥፍር ስፋት ያህል ወደ ጎን ሸሽቼ፣ ጠለቅ አድርጌ እመታለሁ።

ደግሞ «750» የሚለው ከሺህ እጅ 750ው ወርቅ፣ ማለትም 18 ካራት መሆኑን ብቻ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ አይናገርም። የአሜሪካ ሕግ ካራት ምታ ብሎ አያስገድድም፤ ከመታህ ግን፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ፣ የንግድ ምልክትህን ወይም ስምህን አብረህ አኑር ይላል። እንግሊዞች አንጥረኛው ሁሉ የራሱ ምልክት ይኑረው ያሉት በ1363 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ሦስተኛ እጨምራለሁ፤ የመዝገቤን ቁጥር። ከአንድ ሚሊ ሜትር ታንሳለች፣ ያለ ማጉያ አትነበብም። መዝገቡን ስገልጥ ግን ያቺው ቀለበት ከነክብደቷ፣ ከነቀኗ ትገኛለች።

ባለፈው አንዲት እናት ከዚሁ ከአሌክሳንድሪያ የእናታቸውን ቀለበት ይዘው መጡ፤ የፒያሳ ሥራ ነው። ውስጡ ምንም ምልክት የለበትም። መፈተኛው ድንጋይና አሲዱ ካራቱን ነገሩኝ። «የማን እጅ ነው?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ። ብየዳው ከፈርጡ ማቀፊያ ሥር ተደብቋል፤ ልክ መምህሬ እንዳሳዩኝ። የእሳቸው ይመስለኛል፣ ማረጋገጥ ግን አልችልም፤ አንድም ቀን ምልክታቸውን መትተው አያውቁም። ባለእጅ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ሰምተው ነው ያደጉት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስምን የመደበቅ ልማድ ግን በአዋጅ አልለቀቀም። ያን ቀለበት ሳጸዳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለልጁ ቁራጭ መዳብና የስሙን የመጀመሪያ ፊደል የቀረጽኩባትን ብረት ሰጠሁት። ሁለቴ መታው፤ ፊደሉ ተደራረበበት።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብረቱን ቀጥ አድርገህ» አልኩት።

አምስተኛው ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። መዳቡን ይዞ ወደ ማጉያው ሄደ።