የቤን መንገድ፣ የኮሊን ዕዳ፦ በ«ስቶነር ኤንድ ስፓዝ» ልቦለድ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

የአሜሪካዊው ገጣሚና ደራሲ የሮን ከርቺ «ስቶነር ኤንድ ስፓዝ» እ.ኤ.አ. በ2002 ከታተመ ወዲህ በብዛት የሚወደሰው በቀልዱ ነው። ስለ አካል ጉዳት ሳያላዝን፣ ስለ ሱስ ሳይሰብክ መተረኩ ያስመሰግነዋል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀልዱ ላይ ብቻ የሚቆም አንባቢ የመጽሐፉን ትልቁን ብልሃትም ሆነ ትልቁን ጉድለት ሳያይ ያልፋል።

ታሪኩ ቀላል ነው። የ16 ዓመቱ ቤን ባንክሮፍት ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ያለ ወላጅ ያደገው ከልክ በላይ በምትሳሳለት አያቱ ቤት ነው። ደስታው ሪያልቶ በተባለ ሲኒማ ቤት ብቻውን ተቀምጦ የድሮ ፊልም ማየት ነው። ኮሊን ሚኑ የትምህርት ቤቱ ልጅ ናት፤ በዕፅ የታወቀች፣ አፏ የማይገታ። አንድ ቀን እዚያው ሲኒማ ቤት ትከሻው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ጓደኝነቱ ከዚህ ይነሳል።

ቤን ወደ አዳራሹ የሚገባው መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሲያነክስ ማንም እንዲያየው አይፈልግም። ደራሲው ስለ ሴሬብራል ፓልሲ አንድ ምዕራፍ የሕክምና ማብራሪያ ቢጽፍ ይህን ያህል ባልነገረን ነበር። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት እያደር አይብስም፣ ተመልሶም አይድንም፤ የቤን እግር በመጀመሪያው ገጽ እንደነበረ በመጨረሻውም ያው ነው። ስለዚህ የልቦለዱ ግጭት የሰው ዓይን ላይ ያርፋል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ ከጨዋነት ይሁን ከአዘኔታ፣ አካሄዱን እንዳላየ ሆኖ ማለፍን ለምዷል። ኮሊን ግን ፊት ለፊት ትቀልድበታለች። ቀልዷ ሻካራ ነው፣ አንዳንዴም ያማል። ቢሆንም እንደ እኩያ የሚያየው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በእሷ ነው።

ቤን ደጋግሞ የሚያየው ፊልም ጄምስ ዌል እ.ኤ.አ. በ1935 ያዘጋጀው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ነው። ይህን ምርጫ «ራሱን እንደ ጭራቅ ስለሚቆጥር ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ ክብደት እሰጠዋለሁ። በፊልሙ መሐል ከየቦታው የተሳደደው ፍጡር ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር የአንድ ዓይነ ስውር መናኝ ጎጆ ይደርሳል። ሰውየው ቫዮሊን እየተጫወተ ነው። መልኩን ስለማያይ አይፈራውም። ያበላዋል፣ ወይን ያጠጣዋል፣ ሲጋር ያስጨሰዋል፣ ጥቂት ቃላትም ያስተምረዋል። ብዙም ሳይቆይ አዳኞች ይመጣሉ፤ ጎጆው በእሳት ይያያዛል፤ ሁለቱም ይለያያሉ። አካል ጉዳተኛና የተገፋ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በመካከላቸው መጠጥና ጭስ፣ ከደጅ ደግሞ ወዳጅነታቸውን የማይታገሥ ዓለም፦ የከርቺ ልቦለድ አጽመ ታሪክ በዚህ ትዕይንት ውስጥ አለ። ልዩነቱ ያለው በሚጠያየቁት ላይ ነው። በጎጆው ውስጥ አንዱ ሌላውን «ተለወጥ» አይለውም። በልቦለዱ ግን ሁለቱም ይጠያየቃሉ፦ ኮሊን ቤን ከጨለማው አዳራሽ እንዲወጣ ትፈልጋለች፤ ቤን ኮሊን ዕፁን እንድትተው ይፈልጋል። የእሷ ጥያቄ ይሠምራል፤ የእሱ አይሠምርም። ቤን በጎረቤቱ በማርሲ አጋዥነት ካሜራ ይዞ ስለ ትምህርት ቤቱ ልጆች ዘጋቢ ፊልም ይሠራል። ኮሊን ልትላቀቅ ትሞክራለች፤ ተመልሳ ትወድቃለች።

ይህ ፍጻሜ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልስማማም። ሱስ በወዳጅ ፍቅር ብቻ አይለቅም፤ ማገርሸትም የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። ከርቺ ይህን ሳያለሳልስ መጻፉ ለወጣት አንባቢው ያለውን አክብሮት ያሳያል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ለማየት የሮድማን ፊልብሪክን «ፍሪክ ዘ ማይቲ» (1993) ማስታወስ ይጠቅማል። እዚያ አካል ጉዳተኛው ኬቪን ይሞታል፤ በአካሉ ጤነኛ የሆነው ማክስ ይተርፋል፣ ታሪኩንም ይጽፋል። ጉዳተኛው ሌላው እንዲያድግ የሚከፈል መሥዋዕት ነው። ይህ በወጣቶች ልቦለድ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ከርቺ ልማዱን ገለበጠው፤ ጉዳተኛው ይኖራል፣ ይተርካል፣ ይመኛል፣ ይሳሳታል። ሆኖም የመሥዋዕቱን ቦታ አላፈረሰውም። ቦታው እንዳለ ቆየ፤ የተቀየረው የሚሞላው ሰው ነው። ጉዳተኛው ከመሠዊያው ሲወርድ ሱሰኛዋ ወጣችበት።

መንሥኤው የትረካው አንጻር ነው። ተራኪው ቤን ስለሆነ ኮሊንን ብቻዋን አናገኛትም። ከዓይኑ ስትሰወር ከገጹም ትሰወራለች፤ ስትመለስ የምትመለሰው ለእሱ የሚሆን ትምህርት ይዛ ነው። ዕፁ መጀመሪያ ምን እንዳስረሳት፣ ለመተው በሞከረችባቸው ሌሊቶች ሰውነቷ ምን እንዳለፈ ከአንደበቷ የሚደርሰን ፍርፋሪ ነው። ቤን የተደላደለች አያትና ካሜራ የሚሰጥ ጎረቤት አለው። ለኮሊን እንዲህ ዓይነት እጅ የሚዘረጋ የለም፤ ልቦለዱም ይህን ልዩነት ቆሞ አይመረምረውም። ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ተከታዩ መጽሐፍ ነገሩን ለማረም ዕድል ነበረው፤ ተራኪው ግን ያው ቤን ነው። ለአንዱ ልጅ ሙሉ ነፍስ ለመስጠት ሌላዋን ማጉደል ግዴታ አልነበረም። እዚህ ላይ ደራሲውን ይቅር ለማለት ይቸግረኛል።

ይህም ሆኖ መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ደግሜም አነበዋለሁ። ቤን ኩሩ ነው፣ ለራሱ ያዝናል፣ እግሩን እንደ ሰበብ ይጠቀምበታል፤ ደራሲውም አይሸፋፍንለትም። ለአካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ ከማዘን ይልቅ በጥፋቱ መክሰስ ትልቅ ክብር ነው። ኮሊንም በአጭር በአጭሩ በምትናገረው ምልልስ ብቻ፣ ከተሰጣት ጠባብ ቦታ በላይ ትገዝፋለች። ስትናገር ገጹ ይሞቃል።

በአማርኛ ለወጣቶች የሚጽፉ ደራስያን ከዚህ ሥራ የሚወስዱት ብዙ ነው። በእኛ ድራማዎችና ልቦለዶች አካል ጉዳተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአዘኔታ ማሳያ፣ ጫት ወይም መጠጥ የያዘው ወጣት ደግሞ የምክር ማስፈራሪያ ሆኖ ይቀርባል። የከርቺ ሥራ ከመጀመሪያው ልማድ የሚያወጣ መንገድ አሳይቷል፤ ከሁለተኛው ግን ራሱም አልወጣም። ስለዚህ ጥሪዬ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያለውን ጓደኝነት የሚጽፍ ደራሲ የሱሰኛዋን ልጅ ታሪክ በራሷ አንደበት ይጻፍልን።