ስለ «የሙቀት ካርታ» ስያሜ የቀረበ ሂስ

የመረጃ ትንተና በአማርኛ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሱ ስያሜዎች በርክተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ሂትማፕ የሚባለውን ሥዕል እንዲተካ የቀረበውን «የሙቀት ካርታ» የሚለውን ነው። ስያሜው በተርጓሚዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ሆኖም ሥዕሉ የሚያሳየው ሙቀትን አይደለም፤ ካርታም አይደለም።

ነገሩ በመሠረቱ ሠንጠረዥ ነው። በረድፍና በዐምድ መገናኛ ላይ የሚውለውን ቁጥር ቀለም ይተካዋል፤ አለዚያም ያጅበዋል። ቱሴን ሉዋ የተባለ ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1873 እ.ኤ.አ. ስለ ፓሪስ ሕዝብ ባሳተመው አትላስ የከተማይቱን ወረዳዎች በዚሁ ዓይነት በቀለም በተሞላ ሠንጠረዥ አወዳድሯል። ሂትማፕ የሚለውን ቃል ግን ኮርማክ ኪኒ የተባለ የሶፍትዌር ነዳፊ ለገበያ መረጃ ማሳያ በንግድ ምልክትነት የያዘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «ሙቀት» ከነገሩ ባሕርይ የተገኘ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ከቀለሞቹ ቅላት የተዋሰው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ቃል በቃል ሲመለስ ምሳሌነቱ ይቀርና ቃሉ ብቻ ይተርፋል።

ጉዳቱን ለማየት ሰሜን ሸዋን እንውሰድ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን እየገፈፈ ነው የሚወርደው፤ በአንድ ሺህ ሜትር የከፍታ ልዩነት አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይለወጣልና። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበርና ከቆላው የከፍታ፣ የሙቀትና የዝናብ ልኬት ተሰብስቦ የተዛምዶ ሠንጠረዥ ቢሠራ፣ ከፍታና ሙቀት የሚገናኙበት ካሬ ወደ −1 የተጠጋ ቁጥር ይይዛል። በብዙዎች ዘንድ በተለመደው አቀባብ ይህ ካሬ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሙቀት ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ካሬ ምንጊዜም +1 ስለሆነ ቀይ ነው፤ ዝናብም ከዝናብ ጋር እንዲሁ ቀይ ነው። ከላይ «የሙቀት ካርታ» የሚል አርእስት ያነበበ የደብረ ብርሃን ተማሪ ቀዩን ቆላ፣ ሰማያዊውን ደጋ አድርጎ ቢያነብ ማን ይፈርድበታል? ይባስ ብሎም በሠንጠረዡ ውስጥ እጅግ ጠንካራው ተዛምዶ «ቀዝቃዛ»፣ ማለትም ደካማ፣ መስሎ ይታየዋል። የሜትሮሎጂ ባለሙያውስ እውነተኛውን የሙቀት ካርታ ምን ብሎ ሊጠራው ነው?

በምትኩ «የቀለም ሠንጠረዥ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የቀለም ዓይነቶች ዝርዝር ያስመስላል። «ሠንጠረዠ ቀለም» የሚለው የግእዝ አናባቢ ለጆሮ ቢያምርም ይህን ጉድለት አያስቀርም። በእኛ አስተያየት «ቀለማዊ ሠንጠረዥ» የተሻለ ነው፤ ለያዝነው ጉዳይም «የተዛምዶ ቀለማዊ ሠንጠረዥ» ይባላል።

«ተዛምዶ» ራሱ የተሳካ ስያሜ መሆኑን መመስከር ተገቢ ነው። እንደ «ተላውጦ» በግእዝ አርእስት ቅርጽ የተበጀ በመሆኑ ከዕለት ንግግር ቃል ተለይቶ ይቆማል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት «ዝምድና» ቢባል ኖሮ የሥጋ ትውልድን ያሳስባል፤ ከፍታና የገብስ ምርት «ዝምድና አላቸው» ሲባል አንዱ ሌላውን የወለደ ይመስላል። ተዛምዶ ግን አብሮ መለዋወጥን ብቻ እንጂ መንሥኤነትን አያረጋግጥም።

በፕሮግራም ጽሑፍ ፋንክሽን የሚባለውን «ተግባር» ብሎ መመለስም ያጠያይቃል። ተግባር የተሠራው ሥራ ነው፤ ፋንክሽን ግን ሠሪው ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ስም ከተሰጠው በኋላ መረጃ በቀረበለት ቁጥር ተዛምዶውን ያሰላል፤ የቀለሙን ወሰን ከ−1 እስከ +1 ያጸናል፤ ዜሮን በነጭ ላይ ያውላል፤ የላይኛው ግማሽ የታችኛው ድግግሞሽ ስለሆነ ይተወዋል፤ ሥዕሉንም ያወጣል። (ወሰኑን ከመረጃው ትንሽና ትልቅ ቁጥር እንዲወስድ ከተተወ 0.2 የሆነው ደካማ ተዛምዶ እንኳ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የቀለሙ መለኪያ ከሥዕሉ ጎን ሊታተም ይገባል።) እንዲህ ያለውን ነገር አማርኛ በመሣሪያ ስም ቅርጽ ይጠራዋል፤ «ማስሊያ»፣ «መመዘኛ» እንደሚባለው «የተዛምዶ መሣያ» ማለት ይቻላል። ቢላዋ የሚሳልበትም «መሳያ» መባሉን አልዘነጋንም። ንጉሡ ሠ በጽሕፈት ይለያቸዋል፤ በንግግር ግን አያድነንም፤ ስለዚህ «የተዛምዶ» የሚለው ቅጽል ሊነጠል አይገባውም። ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ ግን «ፋንክሽን» እንዳለ ቢቆይ እንመርጣለን።

የሚቀረው «አሉታዊ ተዛምዶ» የሚለው ነው። ቃሉ በጋዜጣና በስብሰባ አማርኛ «መጥፎ» የሚል ትርጉም እየያዘ ሄዷል። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ሲወጣ ከፍታው ጨምሮ ሙቀቱ መቀነሱ ግን መጥፎነት የለበትም፤ ስለሆነም «ተቃራኒ ተዛምዶ» እንዲባል እናሳስባለን።