ቅኔን ማቅናት እንጂ ባለቅኔን መስበር አይገባም

የሰውን ድርሰት መንቀፍ ለብዙዎች ቀላል ነው፤ የተጣመመውን አቅንቶ መስጠት ግን የሊቅ ሥራ ነው። በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ምድር፣ የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይኾናል። ገድሉ እንደሚናገረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ብዙ ዘመን ቈየ። ወደ አባቱ ቢመልሱት፣ አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ መልሶ አልወሰደም፤ ልጁም እህል እየፈጨ ገዳሙን አገለገለ። በኋላ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው ይኸው ሰው ነው። ያን ጊዜ ደጁ ተዘግቶበት ቢቀር ኖሮ ምን ያህል ሀብት በቀረ ነበር!

መጽሐፈ ምሥጢር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1424 ዓመት ተፈጸመ። መናፍቃንን ሲዘልፍ ቃሉ ብርቱ ነው። ነገር ግን ዘልፎ ብቻ አያልፍም፤ የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን ስሕተት ገልጦ በአንጻሩ ቀናውን ትምህርት ያቆማል። አንባቢውም የወደቀውን ብቻ ሳይኾን የቆመውንም ያያል።

የቅኔ ቤት ሥርዐትም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ኹለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ሲመጣ፣ መምህሩ ቤት መስበሩን፣ አገባብ መሳቱን፣ ሰሙ ከወርቁ አለመግጠሙን ይነግረዋል። በዚህ ቢያቆም ሥራው ግማሽ ነው። የጐደለውን ቃል ከግሱ አውጥቶ፣ የተሰበረውን ቤት ጠግኖ፣ የልጁን ምሥጢር ለራሱ ለልጁ ይመልስለታል። እንዲህ የታረመ ደቀ መዝሙር ከዘአምላኪየ ወደ ሥላሴ፣ ከሥላሴም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የተሰደበው ግን አኩፋዳውን አንሥቶ ይሔዳል፤ ያልተነገረው ቅኔም ከርሱ ጋራ ይሔዳል።

ይህ ማለት ለኹሉ ይበል ማለት አይደለም። ቤት ለሰበረ ቅኔ ይበል የሚል መምህር፣ ለዛሬ ያዘነ መስሎ ደቀ መዝሙሩን ለነገው የጉባኤ ዕፍረት አሳልፎ ይሰጠዋል።

በዛሬው ዘመንም አዲስ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ፣ ደራሲው አላዋቂ ነው ብሎ የሚያልፍ ተቺ አይታጣም። የትኛው ገጽ እንደ ተሳሳተ፣ የትኛው ቃል በምን እንዲተካ አይናገርም። እንዲህ ያለ ትችት ደራሲውን አያርም፣ አንባቢውንም አያስተምር። ሰይፍም ወስፌም ይወጋሉ፤ ወስፌ ግን የወጋውን ይሰፋል። ስለዚህ ተቺ ኹሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፣ የሚነቅፈውን ስንኝ እርሱ እንዴት እንደሚያቀናው አስቀድሞ ያስብ፤ ማቅናቱን ካላወቀ ግን ቢዘገይ ይሻለዋል።