ተጫዋች ያጡ ጨዋታዎች፦ ከመርካቶ ጨዋታ ቤቶች በመነሣት የቀረበ ሂስ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶና በዙሪያው ባሉ መንደሮች፣ ልጆች ከትምህርት መልስ ከሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ በተለምዶ «ፕሌስቴሽን ቤት» ወይም «ጌም ቤት» የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ክፍል የማይበልጥ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥንና ያገለገሉ የጨዋታ መሣሪያዎች ያሉበት ቤት ነው። ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ሌሎች ከኋላቸው ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሂሳቡ በጨዋታ ቁጥር ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜም ከፋዩ የተሸነፈው ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚዘወተረው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ቀድሞ «ፊፋ» በሚል ስም ይወጣ የነበረው ጨዋታ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ቢለውጥም በልጆቹ አንደበት ግን አሁንም ፊፋ ነው።

ስለ እነዚህ ቤቶች በወላጆችና በመምህራን ዘንድ የሚነገረው አዲስ አይደለም። ጊዜ ያባክናሉ፤ ከትምህርት ያስቀራሉ፤ ልጅን ገንዘብ ያስለምዳሉ ይባላል። ወቀሳው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ክርክሩ ሁልጊዜ «ልጅ ይጫወት ወይስ አይጫወት» በሚለው ላይ ቆሞ ይቀራል። ልጅ መጫወቱ እንደማይቀር ከታወቀ ዘንድ፣ ቀጥሎ መነሣት የሚገባው ጥያቄ «ምን ይጫወት» የሚለው ነበር። ልብ ወለድ ሲታተም ሂስ ይጻፍበታል፤ ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ይተቻል፤ የመማሪያ መጽሐፍም ከመሠራጨቱ በፊት ይገመገማል። ልጆች ሰዓታት የሚያሳልፉበት ጨዋታ ግን መርማሪ የለውም። በዚህ ጽሑፍ ተጫዋች ሊኖራቸው ሲገባ ያላገኙ ጥቂት ጨዋታዎችን በትምህርት ዐይን ለመመልከት ይሞከራል። መመዘኛውም አንድ ነው፤ ጨዋታው ለተጫዋቹ አእምሮ የሚተወው ሥራ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ለእግር ኳሱ ጨዋታ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። የባላጋራን ሐሳብ ቀድሞ መገመት፣ በተሸነፉ ጊዜ ወንበር ለቆ መነሣት፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር ተስማምቶ መጫወት ቀላል ትምህርት አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ጨዋታ አስተዋዋቂ አያሻውም። በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው አንዱ ስለሆነ የእኛ ሂስ አያሳድገውም፤ አይጎዳውምም። ትኩረት የሚገባቸው በአጠገባችን ተሠርተው በአጠገባችን የተረሱት ናቸው።

ከእነዚህም አንዱ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው የአዲስ አበባ የጨዋታ አዘጋጅ በ2018 እ.ኤ.አ. ለእጅ ስልክ ያወጣው «ኩኩሉ» ነው። አንዲት ዶሮ ከአሳዳጊዋ ገበሬ እጅ ለማምለጥ ትሮጣለች፤ ተጫዋቹ መሰናክሉን ያዘልላታል፣ ጎን ያስቀይራታል። በአሠራሩ ከውጭ አገር የሩጫ ጨዋታዎች ብዙም አይለይም። ልዩነቱ በታሪኩ ላይ ነው። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ የሚታየውን የዶሮ ሽሽት ወደ ጨዋታ መለወጥ ልጁ የሚያውቀውን ዓለም በመስተዋት እንደ ማሳየት ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታይ ውለታ አይደለም። ስሙም ቢሆን ልጆቻችን ድብብቆሽ ሲጫወቱ የሚጠራሩበት ቃል ነው። ሆኖም ከላይ በተቀመጠው መመዘኛ ሲታይ ኩኩሉ በዋናነት የሚፈልገው የጣት ፍጥነት ነው። መወደድ ይገባዋል፤ ብዙ ተጫዋች ቢያገኝም ያስደስታል። ለትምህርት የሚሰጠው ግን ከስሜቱና ከሥዕሉ እምብዛም አያልፍም።

ይኸው አዘጋጅ ለስልክ ያቀረበው ሁለተኛው ጨዋታ «ገበታ» ከዚህ እጅግ የከበደ ጉዳይ ነው። ገበታ ራሱ እንደሚታወቀው የቆየ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ሰፊ ጥናት አጨዋወቱ ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ ዘርዝረው አሳይተዋል። በብዙው ዓለም የሚታወቁት የዚህ ዘር ጨዋታዎች ሁለት ወይም አራት ረድፍ ጉድጓድ ሲኖራቸው፣ በእኛ አካባቢ ግን ሦስት ረድፍ ያለው ዓይነትም ይገኛል። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ሕዝብ ልጆች ጨዋታውን በስም ብቻ ማወቃቸው ያሳዝናል።

ገበታ ለአእምሮ የሚተወው ሥራ ምን እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይሻላል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይኑር፤ በጠቅላላው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ይሆናል። ስለ ምርኮ የሚደነገገውን ለጊዜው እንተወውና መሠረታዊውን እንቅስቃሴ ብቻ እንያዝ። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር በሙሉ አንሥቶ በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደለ ይሄዳል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈ ያበቃል። ጉድጓዶቹን በዙሪያቸው ከ1 እስከ 12 ብንቆጥራቸውና ከ1ኛው ብንጀምር፣ መጀመሪያ የሚነሡት 4 ጠጠሮች 5ኛው ላይ ያደርሱናል። እዚያ የተገኙት 5 ጠጠሮች 10ኛው ላይ፣ ከዚያ የሚነሡት 5 ደግሞ 3ኛው ላይ ያደርሳሉ። ከ3ኛው 6 ተነሥተው 9ኛው ላይ፣ ከ9ኛው 6 ተነሥተው እንደገና 3ኛው ላይ ያርፋሉ። 3ኛው ግን ቀደም ብሎ ባዶ ተደርጓልና እንቅስቃሴው እዚህ ላይ ያበቃል። የታደሉት ጠጠሮች ሲደመሩ 26 ናቸው፤ ይህም ገበታውን ሁለት ጊዜ ዞሮ በ2 ጉድጓድ ማለፍ ማለት ነው።

መምህሩ በዚህ አያቁም። «ከ4ኛው ጉድጓድ ብንጀምርስ የት ያበቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ጠጠሮቹን ሳይነካ «6ኛው ላይ» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ሁሉም ጉድጓዶች በመነሻው እኩል ስለሆኑ ከየትም ቢጀመር ከመነሻው ሁለተኛው ላይ ያበቃልና። ልጁ ይህን በራሱ ካገኘ በኋላ 12 ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ተመልሶ ራሱ ላይ እንደሚደርስ፣ 15 ያለበት ደግሞ እንደ 3 እንደሚቆጠር ለማስረዳት ሰሌዳ አያስፈልግም። በመማሪያ መጽሐፍ «ቀሪ» ተብሎ በደረቁ የሚቀርበው የማካፈል ክፍል እዚህ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሆኖ ይገኛል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ጉድጓዶቹ እኩል መሆናቸው ይቀራል፤ ስሌቱም በየተራው አዲስ ይሆናል።

ይህ ለመርካቶ ልጅ የተለየ ትርጉም አለው። በ1985 እ.ኤ.አ. ቴሬዚኛ ካራኸርና ባልደረቦቻቸው በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን መርምረው ነበር። ልጆቹ በሽያጭ ላይ ሳሉ ከተጠየቁት ሂሳብ 98 ከመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ያው ሂሳብ ከገበያው ተለይቶ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን 37 ከመቶ ያህሉን ብቻ መለሱ። በሸማ ተራ ወይም በበርበሬ ተራ አባቱን ሲያግዝ መልስ የማይሳሳት፣ ክፍል ውስጥ ግን ጠመኔ ሲይዝ የሚደናገር ተማሪ የገጠመው መምህር ይህን ጥናት ሳያነብም ያውቀዋል። ገበታ በእነዚህ በሁለቱ ስሌቶች መካከል የሚገኝ ድልድይ ነው። እንደ ገበያው ዓላማና ባላጋራ አለው፤ እንደ ክፍሉ ደግሞ ቁጥሩ ከሸቀጥ የተለየ ንጹሕ ቁጥር ነው።

እንግዲህ የስልኩን ገበታ የምንተቸው እዚህ ላይ ነው። በማናቸውም የስልክ ገበታ ልጁ አንድ ጉድጓድ ይነካል፤ ማደሉንና መቁጠሩን መሣሪያው ራሱ ይፈጽመዋል። ጠጠሮቹ በሚያምር እንቅስቃሴ ይሮጣሉ፤ ልጁ ግን የት እንደሚያርፉ ሳያሰላ ውጤቱን ማየት ይችላል። በእንጨቱ ገበታ ላይ ሰነፍ ተጫዋች እንኳ ቢያንስ መቁጠር ግዴታው ነው፤ ቢሳሳት ባላጋራው እጁን ይይዘዋል። በስልኩ ላይ ግን መሳሳትም መቆጣጠርም የለም። ይህ ማለት የስልኩ ገበታ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጨዋታውን ከሙዚየም ዕቃነት አውጥቶ በልጆች ኪስ ውስጥ አስገብቶታል፤ አስተማሪ አያት በሌለበት ቤትም ደንቡን ያስተምራል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን የሚያዘጋጁ ሁሉ አንድ ነገር ቢጨምሩ ይበጃል፤ ይኸውም ጠጠሩ ከመታደሉ በፊት ልጁ የሚያርፍበትን ጉድጓድ በጣቱ እንዲያመለክት፣ በትክክል ካመለከተም ነጥብ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊ ይህ ትንሽ ሥራ ነው።

መሣሪያውን ብቻ ማቅረብ በቂ ነው የሚሉ ወገኖች በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ የተደረገውን ሙከራ ይጠቅሳሉ። ትምህርት ቤት በሌለበት መንደር ለልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ተሰጥቶ፣ ልጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞችን እንደከፈቱ፣ በወራት ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር እንዳስከፈቱት ተነግሯል። የልጆቹ ብልሃት የሚደነቅ ነው። ቢሆንም ስንት ፕሮግራም ተከፈተ የሚለውና ምን ተማሩ የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሌላው መታየት የሚገባው የፊደል ጨዋታ ነው። ለሶርያ ስደተኛ ልጆች በዐረብኛ የተዘጋጀውና በእንግሊዝኛ «ፊድ ዘ ሞንስተር» የሚባለው፣ አንድ አውሬ በድምፅ የጠራውን ፊደል ልጁ ጎትቶ የሚያጎርስበት ጨዋታ በነፃ የሚታደል ስለሆነ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተመልሷል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዋጋም በዓላማም ከዚህ የተሻለ ለማግኘት ያስቸግራል። በመርካቶ ጠባብ ቤቶች አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች በሚደርስበት ሁኔታ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት መሆኑ ይቆጫል። ሆኖም መምህር ለተማሪዎቹ ከመምረጡ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመርምር። አንደኛ፣ የእኛ ፊደል በ7 ቤት የተደረደረ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ሆሄያት 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ጨዋታው እያንዳንዱን እንደ ተነጠለ ሥዕል ካስተማረ፣ ካዕቡን ከግዕዙ የሚያወጣበትን ሥርዓት ልጁ አያይም። ሁለተኛ፣ ድምፅ ሰምቶ ፊደል መምረጥ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ላይ ሲደርስ ችግር ያመጣል። መሣሪያው አንዱን ብቻ ትክክል ካለ ልጁ ሳይሳሳት እንደተሳሳተ ይቆጠራል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሰንጠረዥ አንድ ቃል ማለት ይገባል። የአገራችን የቀድሞ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር። የዛሬ የቪዲዮ ጦርነት ጨዋታዎች አዲስ ግኝት አድርገው የሚያቀርቡት ያለ ተራ የሚደረግ ፍልሚያ በመሳፍንቱ አዳራሽ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ወደ ስልክ የሚያመጣ ወጣት ቢገኝ ከውጭ የሚቀዳው ነገር አይኖርም።

ወደ መርካቶ ጨዋታ ቤቶች እንመለስ። ባለቤቱ እግር ኳሱን የመረጠው ሁለት ሰው ስለሚያጫውት፣ ቶሎ ስለሚያልቅና ተመልካች ስለሚይዝ ነው። ገበታ እነዚህን ሁሉ ያሟላል። በተጨማሪም መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ እነዚህን ቤቶች ብዙም በማይደፍሩት ሴቶች ልጆች ዘንድም በቤት ውስጥ ሊጫወቱት የሚቻል ነው። የጎደለው ዕቃ ከሆነ በመርካቶ ዕቃ አይታጣም። 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ 5 ረድፍ፣ በየረድፉም 6 ጉድጓድ አለው፤ ሁለት ሁለት ረድፍ እየተቆረጠ ሁለት ገበታ ይወጣዋል፤ አንድ ረድፍም ይተርፋል። የሦስት ረድፉን ገበታ የሚወድ ደግሞ የተረፈውን ረድፍ ከአንዱ ጋር ይጨምረዋል። ለጠጠር 48 ቆርኪ ይበቃል፤ ምናለሽ ተራም ሩቅ አይደለም። በአካባቢው ያሉ የሂሳብ መምህራን ከአንድ የጨዋታ ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግረው፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ቆመው ከሚውሉ በጥግ በኩል በነፃ ገበታ እንዲጫወቱ ቢያስማሙ ባለቤቱ የሚያጣው ገቢ የለም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው መከልከል አለበት። «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ልማድ ወደ ገበታው ከተሻገረ፣ ደካማው ልጅ ቆጥሮ የሚማርበት ጊዜ ሳያገኝ ከገበታው ይርቃል፤ ያ ልጅ ደግሞ ጨዋታው በይበልጥ የሚያስፈልገው ነው።