ለሮም የተሳለ ሰይፍ በመንዝ ደጋ

ከሰላ ድንጋይ እስከ ዘመሮና ግሼ ባለው ደጋ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ ዛሬ ባለቤት የለውም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአማራ ክልል ሕዝብ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ነበር፤ ለሌላው ሁሉ የተረፈው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሆኖም የወንጌላውያን እንቅስቃሴ ወደ ቤተ መንግሥት ሲጠጋ ካቶሊኮችን በምን ዓይን ያይ እንደ ነበር ለመመርመር ከሸዋ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1799 ለንደን ላይ የተመሠረተው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ከመነሻው ፖለቲካ ያውቅ ነበር፤ ከመሥራቾቹ መካከል በፓርላማ የባሪያ ንግድን በመቃወም የተሟገቱ ሰዎች ይገኙበታል። በ1829 ካቶሊኮች የእንግሊዝ ፓርላማ አባል እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ ሲወጣ ይኸው ወገን እርስ በርሱ ተከፋፈለ። ማኅበሩ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው ጀርመኖቹ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ሮምን የወንጌል ቀንደኛ ተቀናቃኝ አድርገው ከሚያዩ ሰዎች መካከል የወጡ ናቸው። በ1838 ደጃዝማች ውቤ ከዐድዋ አስወጧቸው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በዐድዋ ካቶሊኩ ደ ያቆቢስ ገባ፤ እነርሱ ደግሞ አንኮበር ደርሰው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር እዚያው መጣ። ከዚህ በኋላ በክራፕፍ አስተሳሰብ ፈረንሳይና ሮም አንድ ሆኑ።

የክራፕፍ ፖለቲካ በንግግር ብቻ አልቀረም። በኅዳር 1841 ካፒቴን ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የእንግሊዝን ውል ሲዋዋል አስተርጓሚውና መካሪው ክራፕፍ ነበር። ዋናው ስሕተት እዚህ ላይ የተሠራ ይመስለኛል። ወንጌልን ከአንድ መንግሥት ባንዲራ ጋር ያሰረ ሰባኪ፣ ንጉሡ በባንዲራው በተጠራጠረ ቀን ወንጌሉም አብሮ እንዲጠረጠር ፈቅዷል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፀረ ካቶሊክ ስሜት ከውጭ መምጣት አላስፈለገውም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ሆነው በ1632 ከብዙ ደም በኋላ ሃይማኖቱን መልሰዋል፤ ትዝታው በሕዝቡ ዘንድ ትኩስ ነበር። የሉተር ተከታዩ ፔተር ሃይሊንግም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ንጉሡን ካቶሊክ ያደረጉት ኢየሱሳውያን በተባረሩ ማግስት ነው። ስለዚህ ለፕሮቴስታንቶች «እኛ ከኢየሱሳውያን ወገን አይደለንም» ማለት ምቹ መግቢያ ነበር። መግቢያው ካለፈ በኋላ የያዙት ክርክር ግን የእመቤታችንን ምልጃ፣ የቅዱሳንን ክብር፣ ጾምን፣ ምንኩስናን የሚነካ ነው። ይህ ሁሉ አውሮፓ ላይ ለሮም የተሳለ ሰይፍ ነበር። በመንዝና በተጉለት ደብሮች ግን የሚሰማው ካቶሊክ አልነበረም፤ የሰማው ጾሙን የሚጾም፣ ማርያምን የሚለማመን የአገሬው ካህን ነው። ሰይፉ ያረፈው እርሱ ላይ ነው። ፕሮቴስታንት እስከ ዛሬ «ፀረ ማርያም» እየተባለ የሚጠራበትን ሥር የምፈልገው ከዚህ ነው።

የሸዋ ካህናት ደግሞ የራሳቸው የጋለ ክርክር ነበራቸው፦ የጸጋና የካራ። ደብረ ሊባኖስ ከጸጋ ጋር፣ ንጉሡም ወደዚያው አዘነበሉ። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ቅብዓት ነው፤ ስለታም የሆነውም ከኢየሱሳውያኑ ጋር ከተደረገው ሙግት ወዲህ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ የካቶሊክንና የፕሮቴስታንትን ሚሲዮኖች በአንድ ላይ መመርመሩ ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን ሚሲዮናውያንና ገዥዎች ከፊት በቆሙበት ትረካ የደብሩ ካህን የሚታየው ከኋላ ነው። እኔ ግን ታሪኩን የወሰነው እርሱ ነው እላለሁ።

በመጋቢት 1842 ክራፕፍ ከሸዋ ሲወጣ በሰላ ድንጋይ የንጉሡን እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን ጎብኝቶ፣ በመንዝ በኩል ወደ ወሎ አለፈ። ተስፋው ጎንደር የደረሱት አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ ካይሮ ላይ በማኅበሩ ትምህርት ቤት ተምረዋልና። እርሳቸውን ለማምጣት የሄደው የመልእክተኞች ቡድን አባል ደግሞ ያው ደ ያቆቢስ ነበር! ክራፕፍ ጎንደር አልደረሰም፤ ወሎ ላይ የአገሩ አለቃ አዳራ ቢሌ ዘረፈው። ወደ ሸዋ መመለስ በፈለገ ጊዜም ሣህለ ሥላሴ በሩን ዘጉበት። አቡነ ሰላማ ካቶሊኮችን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደ ያቆቢስ ተሰደደ። የወንጌላውያን ድል ይመስላል። ነገር ግን ጳጳሱ የጠበቁት የእስክንድርያን መንበር እንጂ የለንደንን ማኅበር አልነበረም።

ዛሬ ካቶሊክና ወንጌላውያን እ.ኤ.አ. በ2010 በተመሠረተው የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አብረው ይቀመጣሉ። የወንጌላውያን ካውንስልም እ.ኤ.አ. በ2020 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ በሥልጣን አካባቢ ያለው የወንጌላውያን ድምፅ ከመቼውም ይልቅ ይሰማል። ካቶሊክን መፍራት ከዚህ ድምፅ ውስጥ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በመንገድ ስብከት የሚሰማው የማርያምና የታቦት ትችት ግን አልጠፋም፤ የሚናገሩት ወጣቶች ቃሉ መጀመሪያ ለማን እንደ ተዘጋጀ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ወደ ሸዋ ታሪክ ልመለስ፦ ካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ማሳያ በበኩሉ በ1868 ሸዋ ገብቶ በምኒልክ ዘንድ ከዐሥር ዓመት በላይ ተከበረ። የጸጋና የካራን ክርክር ከቋጨው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ግን ዐፄ ዮሐንስ አስገደዱና በ1879 ወጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአንኮበር አካባቢ በባሊ ይሠሩ የነበሩት የክሪሾና ሚሲዮን ፕሮቴስታንቶችም በዚያው መንገድ ተሸኙ። ትእዛዙ የሁለቱን ጠብ አልጠየቀም።